ጫማዬን ያወለቅሁበት ወንዝ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ገና አልነጋም፤ ለመንገደኛው ግን ነግቷል። ከአሰላው ፊያት ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ባሊና አንድ የታሰረ በግ ተጭኗል። በጉ ከሁላችንም በላይ በመቀመጡ ይመስላል ዝም ብሏል። የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሻይ በስሙኒ ገዝቼ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ስሞቅበት ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋና ግማሹን ጥዬ ሮጥኩ።

በደረት ኪሴ ሁለት ወረቀት ይዣለሁ። አንደኛው ማኅተም ያረፈበት፣ «የአርሲን የገብስ አዝመራ እንዲዘግብ ተልኳል» የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። እሱን በየኬላው አሳየዋለሁ። ሁለተኛውን ለማንም አላሳይም፤ የመንገዴ እውነተኛ ምክንያት ግን እሱ ነው። በፖስታው ላይ «ለጋዜጠኛ ሰማኸኝ፣ አዲስ አበባ» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ደምሴ ነኝ። ሰማኸኝ በጃንሆይ ዘመን የታተመው «ሳይሄድ የተመለሰው» የተባለ ልብ ወለድ ባለታሪክ ነው። ላላነበበው በአጭሩ ልንገር። ሰማኸኝ ከወንበሩ ሳይነሳ አገሩን ሁሉ የዞረ ጋዜጠኛ ነው። አለቃው ጠርጣራ ናቸውና ከመስክ የተመለሰ ሁሉ ጫማውን እንዲያሳያቸው ያዛሉ። ሰማኸኝ ታዲያ በመሳቢያው ሦስት የድልህ ጣሳ ያስቀምጣል፤ በአንዱ ቀይ ጭቃ፣ በአንዱ ጥቁር ጭቃ፣ በሦስተኛው የቆላ አቧራ። ወሬውን ይጽፍና እንደ አገሩ ዓይነት ጫማውን ቀብቶ ይገባል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቀን ጨርሶ ያልተቆረቆረች ከተማ ይፈጥርና ከከንቲባዋ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ወደዚያች ከተማ ልዛወር እያለ ማመልከቻ ያስገባል።

ይህን መጽሐፍ አሥረኛ ክፍል ሆኜ ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ አነበብኩት። ጋዜጠኛ የሆንኩትም እሱን ላለመሆን ነው። ዝግጅት ክፍል ስገባ መጽሐፉን ያላነበበ አላገኘሁም። እንዲያውም ልማድ ሆኗል፤ ከመስክ የተመለሰ ሰው በሩን ሲከፍት ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጫማ» ይለዋል። ሰውየው እግሩን ያነሳል። ጭቃ ካለ ይጨበጨብለታል። ከሌለ «ሰማኸኝ» ይባልና የዚያን ቀን ሻይ እሱ ይጋብዛል። አብዮቱ ብዙ ነገር ለወጠ፤ ይህን ልማድ ግን አልነካውም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አሰላ ተልኬ፣ ሆቴል ተቀምጬ፣ ከተሰጠኝ መግለጫ ላይ «የቡርቃ ወንዝ ድልድይ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ» ብዬ ጻፍኩ። የሕዝቡን እልልታ ከራሴ ጨመርኩበት። አንድ አዛውንት «ዛሬ እንደገና ተወለድኩ» አሉ ብዬም ጨመርኩበት። ቡርቃን ግን በዓይኔ አላየሁትም። ከዚያ ሆቴሉ ጓሮ ሄጄ ጫማዬን ጭቃ ለቀለቅሁና አዲስ አበባ ተጨብጭቦልኝ ገባሁ።

ፖስታ ቤቱ ሳይሳሳት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ያመጣው፣ በኪሴ ያለው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ዓመት በፊት የመረቅህልንን ድልድይ እስከ ዛሬ ፈልገን አላገኘነውም። አንተ ቦታውን ስለምታውቀው መጥተህ እንድታሳየን በትሕትና እንለምናለን። የቡርቃ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች።» በሥሩ የተደረደሩት ፊርማዎች ከጣት አሻራ ገና የተላቀቁ ሰዎች የጻፏቸው፣ አንዳንዱ ፊደል ግማሽ መስመር የሚይዝ ናቸው።

አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሂድና እየው» አሉኝ። «ማስተባበያ የሚባል ነገር ግን እንዳታመጣብኝ። ተመርቋል የተባለን ነገር አልተመረቀም ብሎ የሚያትም ጋዜጣ በዚህ አገር የለም።»

ማክሰኞ፣ ረፋድ፤ ከናዝሬት ወደ ደራ

ናዝሬትን አልፈን ኬላ ላይ ወረድን። ሻንጣ ይፈተሻል፣ ወረቀት ይታያል። ጠብመንጃውን በትከሻው ያንጠለጠለ ጢማም ጠባቂ ወረቀቴን ገለባብጦ «ጋዜጠኛ ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ተመለከተ። «ጫማህ ንጹሕ ነው።»

«ገና እየሄድኩ ነው እኮ።»

«እሱን ስትመለስ እናያለን» ብሎ ሳቀና ወረቀቴን መለሰልኝ። አጠገቤ የቆመች የሽንኩርት ነጋዴ ምን እንዳሳቀው ጠየቀችኝ፤ «መጽሐፍ ነው» አልኳት። መጽሐፍ ኬላ ላይ ሲያስቅ አይታ ስለማታውቅ አላመነችኝም።

አዋሽን በድልድይ ተሻገርን። ሌላ ጊዜ ልብ የማልለው ነገር ነበር። ዛሬ ግን ብረቱ ሲንኳኳ ከታች እስከ ላይ አየሁት፣ ምሰሶዎቹን ቆጠርኩ። አንድ ሰው ይህን ሠርቷል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ በእስክሪብቶ የሠራሁት አለ።

ደራ ፀሐይዋ አትቻልም። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ካፖርታችንን በክንዳችን ይዘን ነው። በመንገዱ ዳር ከሰል፣ ፍየል፣ ሽምብራ ቆሎ ይሸጣል። ቆሎ በአሥር ሳንቲም ገዝቼ ከሽንኩርት ነጋዴዋ ጋር ተካፈልን። ኢተያ ላይ ካፖርታችንን መልሰን ለበስን። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፤ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ በነፋስ ይተኛና ይነሳል። ጭላሎ ተራራ ደመናውን አናቱ ላይ አድርጎ ከፊት ለፊታችን ቆሟል።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ አሰላ

አሰላ በጋሪ ደወል ተቀበለችን። ባለጋሪው ወደ ሆቴሉ ሲወስደኝ በአደባባዩ በኩል አለፍን። እዚያ ትልቅ የበዓል መድረክ ቆሟል፤ ወፍራም ወፍራም የጥድ ግንድ ተጋድሞ፣ በላዩ ጣውላ ተረብርቦበታል። በዓሉ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። አሁን ሁለት ፍየሎች ወጥተው ያመሰኩበታል።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ዘነበች ከዱሮም ያውቁኛል። ጥብስ አቅርበውልኝ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ ያ ጋዜጠኛ አይደለህም? ጓሮዬ ገብተህ ጫማህን በጭቃ የለቀለቅኸው?»

ጉሮሮዬ ላይ ሥጋ ቆመ። «አይተውኝ ነበር?»

«በወጥ ቤቱ መስኮት ነዋ። ሠራተኞቹን ጠርቼ አሳይቻቸዋለሁ። ሰው ጫማ ሲያስጠርግ እንጂ ሲያስቆሽሽ አይተን አናውቅም። ጤናውን ይስጠው ብለን ዝም አልን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን ሻል ብሎሃል?» አሉኝ።

«ልድን ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ያን መግለጫ የሰጠኝ ጓድ ይልማ ዘንድ ሄድኩ። በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ኃላፊ ነው፤ ቀይ ፊት፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የማይለየው። አቀፈኝ። ስለ ቡርቃ ስጠይቀው ፋይል አወጣ። የቡርቃ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ድልድይ ይሠራልን ብለው አመልክተዋል። በእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ የእኔ ዜና ከጋዜጣ ተቆርጦ በስፒል ተያይዟል። ግርጌው ላይ «ድልድዩ የተመረቀ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ተብሏል።

«ጓድ ይልማ፣ አንተ ድልድዩን አይተኸዋል?» አልኩት።

«እኔ? እኔማ ካንተ ጋዜጣ ነው ያነበብኩት።»

«እኔ እኮ ካንተ መግለጫ ነው የጻፍኩት።»

ተያየን። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፋይሉን ዘጋው። ለነገ ላንድሮቨር ከነሾፌሩ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። «እኔ ግን አልሄድም። ካላየሁ አላየሁም ነው» አለ።

ረቡዕ፣ ጠዋት፤ ወደ ቡርቃ

ሾፌሩ ቱፋ ይባላል። በኦሮምኛ ያፏጫል፣ በአማርኛ ይሳደባል፣ ማርሽ ሲቀይር ደግሞ በጣልያንኛ ይምላል። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገበሬው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፤ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን ያነሱልናል። በየኮረብታው ቢጫ ክምር ቆሟል።

«ቡርቃ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የእናቴ አገር ነው።»

«ድልድዩስ?»

መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመና ዞሮ አየኝ። «ሰማኸኝ አንተ ነህ እንዴ?» ከዚያ መሪውን እየመታ ሳቀ። አስተማሪዋ መጽሐፉን ለትልልቆቹ ተማሪዎች እያነበበች በኦሮምኛ ስታስተረጉም፣ አሁን በቡርቃ የዋሸ ልጅ ሁሉ «ሰማኸኝ» ይባላል አለኝ። «አጎቴ በሬውን ሸጦ ጠፋ ያለ ጊዜ ሚስቱ ምን አለችው? ጫማህን አሳየኝ።»

ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ የወንዙ ዳር

መንገዱ ወንዙ ላይ ያበቃል። ቡርቃ ከጭላሎ የሚወርድ፣ ስፋቱ ሃያ እርምጃ የማይሞላ፣ ድንጋያማና ፈጣን ውሃ ነው። ወዲህ ማዶ ትምህርት ቤቱና የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ አሉ። ወዲያ ማዶ ከሕዝቡ ግማሹ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ምንም የለም።

አስተማሪዋ እጅጋየሁ ከክፍሏ ወጥታ መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ቀሚሷ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ደብዳቤውን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይመጣሉ ብለን አልጻፍነውም ነበር» አለችኝ። «ለፊርማ መለማመጃ ነው የጻፍነው። አንድ ተማሪ ወስዶ ፖስታ ቤት አስገባው።»

ከኋላዋ አንድ ረጅም ሽማግሌ በዘንጋቸው እየተደገፉ ደረሱ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገልቹ ናቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝ። ያ ዛሬ እንደገና ተወለድኩ ያለው ሽማግሌ ማነው?»

ኦቦ ገልቹ ቀጠሉ። «ጋዜጣው ሲነበብ አገሩ ሽማግሌውን ፈለገ። በዚህ ወንዝ ዳር ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ የለም። ገልቹ ነው፣ ከቢሮው ሰዎች ጋር ተስማምቶ ድልድይ አለ ብሎ የመሰከረው ገልቹ ነው አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰርግ ላይ ስቀመጥ ሰው ፈቀቅ ይላል። ሚስቴም እንኳ ጠይቃኛለች። ማነው?»

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ያፈርኩት ለራሴ ነበር። በሰው ስም ላይ እንዲህ እንደተጫወትኩ አልገባኝም። «ማንም አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እዚህም መጥቼ አላውቅም። ሆቴል ሆኜ ነው የጻፍኩት። በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቱፋ ወደ ኦሮምኛ መልሶ ለተሰበሰበው ሰው አሰማ። አንዳንዱ ገልቹን አየ፣ አንዳንዱ መሬቱን አየ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንኳኩ።

«ይህን ወዲያ ማዶም ሰው ይስማው» አሉ። «ተሻገርና ንገርልኝ።»

ጫማዬን አወለቅሁ፤ ማሰሪያውን ከማሰሪያው ቋጥሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። እጅጋየሁ «ከጉልበት በላይ ነው» አለችኝና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከፊቴ ገባች። ኦቦ ገልቹ ዘንጋቸውን አበደሩኝ።

የጭላሎ ውሃ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ከሁለት እርምጃ በኋላ እግሬ የእኔ መሆኑን መጠራጠር ጀመርኩ። መሃል ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ውሃው እስከ ጭኔ ደረሰ። አንድ ጊዜ ተንገዳገድኩና በአራት እግሬ ቆምኩ። እጅጋየሁ ዞራ «ቀስ ይበሉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዲህም አይሞከርም» አለችኝ። ክረምት ክረምት እንዴት እንደምታስተምር ያኔ ነገረችኝ። ተማሪው ግማሹ ወዲያ ማዶ ስለሚቀር፣ ሰሌዳውን ወንዙ ዳር አቁማ ፊደሉን የሰው ቁመት አሳክላ ትጽፋለች። ከማዶ ያሉት ጮኸው ያነቡላታል።

ወዲያኛው ዳር የቆሙት ሴቶች ስንገዳገድ እያዩ ይስቁ ነበር። እግሬ ሣር ሲረግጥ እልል አሉ። ያ ከራሴ የጨመርኩት እልልታ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ደረሰኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ የሆነውን ሁሉ፣ የሽማግሌውንም ነገር ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቱፋ ሱሪውን አውልቆ በትከሻው አድርጎ ተከትሎን ነበርና አስተረጎመልኝ። ኦቦ ገልቹ ከወዲህ ማዶ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ።

«አሁንስ ምን ትላለህ?»

«ዛሬ እንደገና ተወለድኩ» ብዬ መለስኩላቸው።

በሁለቱም ዳር ያለው ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ዘንጋቸው እኔ ዘንድ ስለነበር የሰው ትከሻ ይዘው ነው የሳቁት።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ ወዲያ ማዶ

አንድ ቤት ገንፎና ትኩስ ወተት ተሰጠኝ፤ እግሬን እሳት ዳር ዘረጋሁ። ኦቦ ገልቹ በበቅሎ ተሻግረው መጡ። እጅጋየሁ መጽሐፉን አመጣችው። ሽፋኑ ተጨማዷል፣ የኋለኛው ገጽ ሁሉ የለም። ባለፈው ክረምት የወዲያ ማዶ ተማሪዎች ተራችን ነው ስላሉ ወረወረችላቸው፤ ዳር ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ሲያወጡት መጨረሻው ሄዷል።

«እንግዲህ አንተ አንብበኸዋል» አሉ ኦቦ ገልቹ። «ሰማኸኝ ተያዘ? ያንን የሌለ ከተማ ከጻፈ በኋላ ምን አደረጉት?»

አብሲቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ እንኳ እጇን አቆመች። «ሾሙት» አልኩ። «የዚያችው የሌለች ከተማ ከንቲባ አድርገው ሾሙት። ሄዶ ሥራ እንዲጀምር ታዘዘ። መጽሐፉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ቆሞ፣ ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ የትኛው ነው እያለ ይጠይቃል።»

ኦቦ ገልቹ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ሲበርድላቸው ግን ዓመት ያለፈው ሕፃን ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ይህ ገላና ነው። ካቻምና ነሐሴ እናቱ ምጥ ይዟት ወደ ክሊኒክ ስንወስዳት ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለን። እዚያ ሣር ላይ ነው የተወለደው። ገላና ማለት ወንዝ ነው። እሱ ዳነ፣ እናቱም ዳነች። ዘንድሮ ሌላ ሴት ብትሆን አናውቅም። አንድ ሰባት ወር አለን፤ ከዚያ ክረምት ነው።»

«ምን ላድርግ? አልተሠራም ብዬ ብጽፍ አይታተምም» አልኩ።

«አውቃለሁ። እኔ ግን አስቤበታለሁ» አሉ። «ድልድይ አላችሁ ስለሚሉ አይሠሩልንም። ስለዚህ መጀመሪያ አፍርሰው። በወረቀት የቆመ ነው፣ በወረቀት ይፍረስ። ጎርፍ ወሰደው ብለህ ጻፍ። ከዚያ አዲስ ይሠሩልናል።»

ሰው ሁሉ ተስማማ። አንዱ ጎርፉ የመጣበትን ቀን መረጠ፤ ሌላው ድልድዩ ሲሄድ ያሰማውን ድምፅ በአፉ አሰማ። አንዲት ሴት ሁለት በግ አብሮ ይሂድ አለች። እውነት ለመናገር በጣም ፈተነኝ። ግን እግሬ ገና እየነዘረኝ ነበር። «አባባ፣ ዛሬ ነው የዋሸሁትን ይቅር ያሉኝ። ዛሬውኑ ሁለተኛ አልዋሽም» አልኩ። «አንዴ ሠራሁት፤ አሁን ደግሞ በጎርፍ ካፈረስኩት ሰማኸኝን ሆንኩ ማለት ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። እጅጋየሁ ግን ጠመኔ ይዛ ስታስብ ቆይታ «የሚያዩትን ብቻ ቢጽፉስ?» አለችኝ። «ዛሬ፣ እዚህ፣ ያዩትን።»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ዛሬ በቡርቃ ወንዝ ላይ ድልድይ የለም፤ ሰው በእግሩ ይሻገራል፣ ይህ ዘጋቢም ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተሻግሯል።»

ቱፋ አስተረጎመ። ኦቦ ገልቹ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። «ነበር አላልክም» አሉ ቀስ ብለው። «አልነበረምም አላልክም።»

«ያየሁትን ነው ያልኩት።»

ሕፃኑን ከጉልበታቸው አወረዱ። «ይሁን» አሉ። ስሄድ ዘንጋቸውን መለስኩላቸው፤ ስሜን ግን አልጠየቁኝም። ሰማኸኝ እያሉ ነው የሸኙኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት፤ አሰላ

ጽሑፉን ማታውኑ ጨርሼ ነበር፤ አጨዳው አለበት፣ ገብሱ አለበት፣ ሰሌዳውን ወንዝ ዳር የምታቆመው አስተማሪ አለችበት፣ ገላና አለበት፣ ያቺ ዓረፍተ ነገርም መሃል ላይ አለች። ለጓድ ይልማ አነበብኩለት። ዓረፍተ ነገሯ ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«የለም?»

«የለም።»

ረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። «ጎርፍ ነው» አለ።

«እኔ ጎርፍ አላልኩም።»

«አላልክም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ምን ይወስደዋል?» ከሦስቱ እስክሪብቶ አንዱን መዝዞ በፋይሉ ላይ «መልሶ ግንባታ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብድግ ብሎ በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አየ፤ እዚያ ፍየሎቹ አሁንም መድረኩ ላይ ናቸው። ድምፁ ተቀየረ። «ደምሴ፣ ልንገርህ? ያ ግንድ የቡርቃ ነው። ለድልድዩ መጥቶ በዓል ደረሰብን፤ ለመድረክ ዋለ። ከበዓሉ በኋላ እንመልሳለን ተባለ፤ ደግሞ ሌላ በዓል መጣ። መግለጫውን ያኔ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት፤ መሠራቱ አይቀርም ብዬ።»

አልዋሸሁም። እሱ ሲጽፍም እጁን አልያዝኩትም። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ግማሹ ልቤ ይወቅሰኛል፤ ግማሹ ደግሞ ገላናን ያስበዋል። ከቢሮው ስወጣ «በሚቀጥለው በዓል ምን ላይ ልትቆሙ ነው?» አልኩት።

«መሬት ላይ» አለኝ። «መሬት ደህና ነው።»

ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ አዲስ አበባ

የዝግጅት ክፍሉን በር ስከፍት ሰባት ሰው ባንድነት «ጫማ» አለ።

እግሬን አነሳሁ። ጫማዬን ቱፋ ሐሙስ ጠዋት በራሱ ጨርቅ ጠርጎልኝ ነበር። ወንዙ ላይ አንገቴ ላይ ነበር፤ ከወንዙ ወዲህ በላንድሮቨር፣ ከአሰላ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ጫማዬ ያብረቀርቃል። ከተቀጠርኩ ጀምሮ በእውነት የሄድኩበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነበር።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ሰማኸኝ! ሻይ!» ተባለ። ሱሪዬን ገልጬ ድንጋይ የላጠውን ቅልጥሜን ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት። ለሁሉም ሻይ አዘዝኩ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ሻይ የለም። ጋሽ ወርቁ ጽሑፉን አንብበው ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ድልድዩ የት ሄደ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ።»

በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። አንድም ቃል ሳይነኩ ለኅትመት ሰደዱት። በሦስተኛው ገጽ ወጣ።

ይህን ማስታወሻ እዚህ ላይ ዘግቼው ነበር። በግንቦት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ፣ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ «ለጋዜጠኛ ደምሴ» ይላል። ስሜን ከጋዜጣው ላይ ነው ያገኙት። ፊደሎቹ አነስ አነስ ብለዋል፤ እጃቸው ተፈቷል። ከላይ የኦቦ ገልቹ ፊርማ አለ፤ ሥሩ ላይ አንድ ትንሽ የጣት አሻራ አለ፣ የገላና ነው። መልእክቱ አንድ መስመር ነው።

«ስትመጣ ጫማህን አታውልቅ።»